ላም በሰማይ ወይስ ላም በበረት? ክላውድና የራስ ሰርቨር ለሰሜን ሸዋ ሰው

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የእህል ነጋዴ አሉ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ሁለት መጋዘን አላቸው፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ አንድ ሱቅ። የሒሳብ ሶፍትዌር ሊያስገቡ ፈልገው አስጠሩኝ። «ሰርቨር ልግዛ ወይስ ያን ደመና የምትሉትን ልከራይ?» አሉኝ። ክላውድ ምን እንደሆነ ማስረዳት ጀመርኩ። ማሽኑ፣ ማለትም ፕሮግራሙንና መረጃውን የሚይዘው ሰርቨር፣ ብዙ ጊዜ ሌላ አገር፣ የሌላ ሰው ሕንፃ ውስጥ ነው፤ እርስዎ በኢንተርኔት ይጠቀሙበታል፤ ኪራዩን በየወሩ ይከፍላሉ አልኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና «አንተ ልጅ፣ ይሄማ ላም አለኝ በሰማይ ነው» አሉ።

ስቄ አለፍኩ። እያደር ግን ተረቱ ንጽጽሩን ሁሉ የያዘ ሆኖ አገኘሁት። በሰማይ ያለች ላም ጭድ አትጠይቅም። ብትታመም ሌላ ሰው ያክማታል። ጣጣዋ ወተቷ የሚወርድበት ቧንቧ ነው። በረት ያለችው ላም ወተቷ እደጃችሁ ነው፤ ነገር ግን ቀለብ፣ ሐኪም፣ ጠባቂ ትፈልጋለች። ሌሊት ብትጮህ የምትነሱት እናንተው ናችሁ።

ኢንተርኔት ላይ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈው ምክር አብዛኛው ለእኛ አይሆንም። የሚጻፈው መብራት ለማይጠፋበት፣ ገቢውም ዶላር ለሆነ ሰው ነው። ለምሳሌ 37 ሲግናልስ የተባለው የአሜሪካ ሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ለክላውድ ብቻ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነበር። ሂሳቡ ቢመረው 700 ሺህ ዶላር ገደማ በሚያወጡ የራሱ ሰርቨሮች ላይ ሥራውን ይዞ ወጣ። ጥሩ ታሪክ ነው። ግን እነሱም ቢሆኑ ሰርቨሮቹን ቢሯቸው ውስጥ አላስቀመጡም፤ መብራትና ማቀዝቀዣ የተሟላለት የሰርቨር ማደሪያ ሕንፃ፣ የኪራይ ዳታ ሴንተር ውስጥ ነው ያስገቧቸው። ይህችን ጫፍ ብዙ ሰው ሳይነግራችሁ ያልፋል።

መጀመሪያ መስመሩ

እኔ ደንበኛ ሲጠራኝ ስለ ዋጋ ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ኢንተርኔት ለሦስት ቀን ቢጠፋ የቱ ሥራችሁ ይቆማል?

ጥያቄው ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን፣ በአማራ፣ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አልረሳውም። ያኔ የሽያጭ ፕሮግራማቸውን ውጭ አገር ክላውድ ላይ አድርገው፣ የሚገናኙት ግን በሲም ካርድ ብቻ የነበሩ ሱቆች ወደ ደብተርና ካርቦን ተመለሱ። ዕዳ ማን እንዳለበት ማየት አልቻሉም። ዝርዝሩ ሰማይ ላይ ነዋ! አጠገባቸው ያለች አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ የሚሠሩት ደግሞ ምንም አልመሰላቸውም።

መስመሩ የሚቆረጠው እዚህ ብቻም አይደለም። በየካቲት 2016 ቀይ ባሕር ውስጥ የተዘረጉ የኢንተርኔት ገመዶች ተቆርጠው ምሥራቅ አፍሪካ ሲጎተት ነበር። ሦስቱ ትልልቅ የክላውድ ኩባንያዎች አፍሪካ ውስጥ ያላቸው ማዕከል ደቡብ አፍሪካ ነው። አማዞን ኬፕ ታውን፣ ማይክሮሶፍትና ጉግል ጆሃንስበርግ። ከደብረ ብርሃን እዚያ ደርሶ መልስ ብዙ አገር ያቋርጣል።

ስለዚህ ካሸር፣ የካርድ ክፍል፣ የመድኃኒት መደብር፣ የመጋዘን ገቢና ወጪ፣ እነዚህ ኢንተርኔት ሳይኖር መሥራት አለባቸው። ድረ ገጽ፣ ኢሜይል፣ የሆቴል ቦታ ማስያዣ ግን መጀመሪያውኑ ለውጭ ሰው የተሠሩ ናቸው። የእናንተ መስመር ቢጠፋም ደንበኛው ከአዲስ አበባም ከዱባይም ሊያያቸው ይገባል። እነሱን ቤታችሁ ማስቀመጥ ሱቅ ከፍቶ በሩን በውስጥ እንደመቀርቀር ነው። ክላውድ ላይ ይውጡ፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ከዚያ ዶላሩ

የክላውድ ዋጋ ርካሽ የሚመስለው በወር ስለሚነገር ነው። ዲጂታል ኦሽን የተባለው ክላውድ አከራይ ላይ ሁለት ኮርና 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ማሽን በወር 24 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በ24 ስታባዙት 1,368 ብር ይመጣል። ብዙም ሳይቆይ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ። ያው ማሽን፣ ያው ፍጥነት፣ ኪራዩ 2,400 ብር። የቤት አከራይ በአንድ ወር እንዲህ ቢጨምር ሰፈሩ ይሰማ ነበር። እዚህ ግን አከራዩ ምንም አልጨመረም፤ የቀለለው የእኛ ብር ነው።

አከፋፈሉም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ብዙ ትንንሽ ድርጅት የሚከፍለው ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ ነው። አንድ ጊዜ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ሲስተም ድንገት ጠፋ ተብሎ ተጠራሁ። ኔትወርኩን ፈተሽኩ፣ ራውተሩን ቀየርኩ፣ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ለካ የባለቤቱ እህት ካርድ ጊዜው አልፎበት ነው! ኩባንያው በኢሜይል ደጋግሞ አስጠንቅቋል፤ ኢሜይሉ ግን የሚደርሰው ለእሷ ነበር። እሷም ማስታወቂያ መስሏት አልከፈተችውም። የተማሪ ውጤት ተሰርዞ ሊጠፋ አራት ቀን ሲቀረው ደረስን። ክላውድ ከመረጣችሁ አካውንቱ በድርጅቱ ኢሜይል ይከፈት፤ ማስጠንቀቂያው ቢያንስ ለሁለት ሰው ይድረስ።

ሌላ የተደበቀ ወጪም አለ። ዳታ ማስገባት አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ነው፤ ማስወጣት ግን ይከፈልበታል። አማዞን አሜሪካ ካሉት ማዕከሎቹ ለሚወጣ ዳታ ከመጀመሪያው 100 ጊጋባይት በኋላ በጊጋባይት 9 ሳንቲም ገደማ ይጠይቃል። የዶላር ሳንቲም ማለቴ ነው። በአንድ ወር አንድ ቴራባይት ፋይል ብታወርዱ 81 ዶላር ያህል ትከፍላላችሁ።

በረቱ፦ ብርድ፣ ከፍታ፣ መብራት

የራስ ሰርቨር ሲባል ሰው የሚያስበው የማሽኑን ዋጋ ነው። ማሽኑ ላሟ ናት። በረቱ ለብቻው ይታሰባል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። «እንግዲህ ማቀዝቀዣ አያስፈልገንም» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ስስ ነው። ሰርቨር የሚቀዘቅዘው ማራገቢያው በሚገፋው አየር ነውና አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። ለዚህም ነው በዳታ ሴንተር ሙያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት 1 ዲግሪ የሚቀነሰው። በባሕር ዳርቻ 35 ዲግሪ ክፍል ውስጥ እንዲሠራ የተፈቀደለት ማሽን ደብረ ብርሃን ላይ ወሰኑ 28 ዲግሪ ገደማ ነው። ክፍሉ ገርበብ ያለ መስኮት ካለው ችግር የለም። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋችሁ ብታስቀምጡት ግን ውጭ ውርጭ እየወረደ ውስጥ ይቃጠላል። አይቻለሁ።

መንዝ ስትወጡ ነገሩ ይጠብቃል። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የብዙ ሃርድ ዲስክ አምራቾች ወሰን 3,050 ሜትር ገደማ ነው። ምክንያቱም የዲስኩ ማንበቢያ ከሚሽከረከረው ሰሌዳ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ነው። አየሩ ሲሳሳ ትራሱ ይወርዳል። ስለዚህ ለመንዝ ሰው ምክሬ አጭር ነው፦ ኤስኤስዲ የሚባለውን ዲስክ ግዙ። የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ከፍታ አይፈራም። ዋጋው ይበልጣል፤ ይሁን።

ጣርማ በርን አልፋችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ጠላቱ ሙቀት ነው። በተለይ የዩፒኤስን፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን፣ ባትሪ ይበላል። ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት በየ10 ዲግሪ ሲጨምር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ያጥራል ይባላል። ደብረ ብርሃን አራት ዓመት የሚኖር ባትሪ ሸዋ ሮቢት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ዓመት ከኖረ ተመስገን ነው።

ስለ ዩፒኤስ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚታለለው እዚህ ነውና። ገበያ ላይ የሚሸጠው ባለ 650 ቪኤ (VA) ዩፒኤስ ውስጡ አንድ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ አለ። ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ነው። ሰርቨሩ፣ ስዊቹና ራውተሩ አንድ ላይ 120 ዋት ቢስቡ፣ ብክነቱ ተቀንሶ 20 ደቂቃ ገደማ ይቆያል። ያውም አዲስ ሲሆን። ይህ ሰርቨሩን በሥርዓት ለማጥፋት እንጂ ሥራ ለመቀጠል አይበቃም። ለመቀጠል ኢንቨርተርና ትልቅ ባትሪ ወይም ጀነሬተር ያስፈልጋል። ጀነሬተሩም የከፍታ ግብር ይከፍላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶና ከዚያ በላይ ጉልበት ያጣል። 10 ኪሎ ዋት ብላችሁ የገዛችሁት ደብረ ብርሃን ላይ 7 አካባቢ ነው። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም።

የመብራቱን ፍጆታ ማወቅ ቀላል ነው። 200 ዋት የሚስብ ሰርቨር ቀን ከሌት ሲሠራ በወር 144 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። በታሪፋችሁ አባዙት። ለአምስት ሠራተኛ ቢሮ ግን 200 ዋት የሚበላ የሰርቨር ግዙፍ አያስፈልግም። ደህና ትንሽ ኮምፒውተር፣ ሁለት ኤስኤስዲ አንዱ የሌላው ቅጂ ሆኖ፣ 30 እና 40 ዋት ላይ ይሠራል። ያገለገለ ትልቅ ሰርቨር በርካሽ አገኘን ብለው የሚደውሉልኝ አሉ። ድምፁ የወፍጮ፣ ቀለቡ የበሬ ነው። መለዋወጫውን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ።

ሰው

ማነው የሚጠብቀው? የሚያውቅ ልጅ ቀጥራችሁ ካሠለጠናችሁ በኋላ አዲስ አበባ የተሻለ ደመወዝ ያገኛል፤ ይሄዳል። የይለፍ ቃሉንም ይዞት ይሄዳል። ክላውድ ቢያንስ ማሽኑን የመጠገን ሥራ ያስቀርላችኋል። ሶፍትዌሩን ማደስና ማን ምን ማየት እንዳለበት መወሰን ግን አሁንም የእናንተ ነው።

የክራክ ዊንዶውስ፣ ያለ ፈቃድ የተጫነው፣ ነገርም አለ። ብዙ ጊዜ ማደሻ ስለማይወስድ በሩ ተከፍቶ ያድራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የገባው በዚህ ዓይነት በር ነው። ማይክሮሶፍት መዝጊያውን ያወጣው ከጥቃቱ ሁለት ወር ቀድሞ ነበር፤ ያላደሱት ተበሉ። ለዊንዶውስ ፈቃድ ገንዘብ ከሌለ በምትኩ የሚሠራው ሊኑክስ ነጻ ነው፤ እሱን ጫኑ።

የርቢ ላም

በሰማይና በበረት መካከል ሌላ መንገድ አለ። አገር ቤት ላሙን የሚጠብቅበት ያጣ ሰው በርቢ ለሌላ ይሰጣል አይደል? አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ዊንጉ እና ራክሲዮ ያሉ የግል ዳታ ሴንተሮች አሉ። ሰርቨሩ የራሳችሁ፣ ቤቱና መብራቱ የነሱ። ኢትዮ ቴሌኮምም ቴሌክላውድ ብሎ የክላውድ አገልግሎት ያከራያል። መረጃው ከአገር አይወጣም፤ የባሕር ገመድ ቢቆረጥም አይነካችሁም።

የደንበኛ ወይም የታካሚ መረጃ ለምትይዙ ሌላም ምክንያት አለ። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚፈልጉት ውስጥ ነው፤ መረጃን ከአገር ማውጣትም ሥርዓት ተበጅቶለታል። ክሊኒክ ያላችሁ፣ የታካሚ ካርድ ፍራንክፈርት ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት የሕግ ሰው አማክሩ።

ይህ መንገድ ለማን ይሆናል? ሁለት ሦስት ከተማ ላይ ቅርንጫፍ ላለው ድርጅት፣ ለቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ለኮሌጅ። አንድ ሱቅ ብቻ ላለው ሰው በዛ።

ትምህርት ቤቶችን ካነሳሁ አይቀር፣ ለተማሪ ማንበቢያ ከሆነ ክላውድም ዳታ ሴንተርም አያስፈልግም። ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ዊኪፒዲያን እንዳለ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል የመዳፍ ታህል ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ከአንድ አምፖል ያነሰ መብራት ነው የምትበላው። መንዝ ውስጥ ላለ ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ ሰርቨር አላውቅም።

ባክአፕ ያለው ይተኛል

አንድ ቆላ ከተማ ውስጥ ያለች ክሊኒክ ናት። ሰርቨሩ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ሥር ነበር። ባክአፕ፣ ማለትም የመረጃው ቅጂ፣ አላችሁ ወይ ብዬ ስጠይቅ ሲስተር ኮራ ብላ ውጫዊ ሃርድ ዲስኩን አሳየችኝ። ዲስኩ እዚያው ሰርቨሩ ጎን፣ እዚያው ማከፋፈያ ላይ ተሰክቷል። ለብቻው ይቀመጥ አልኳት፤ እሺ አለች። ከወር በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ ጨምሮ መጣና ሰርቨሩንም ዲስኩንም አብሮ አቃጠለ። የሁለት ዓመት የታካሚ ታሪክ ከወረቀት እንደገና ተለቀመ። ጥፋቱ የሷ ብቻ አይደለም። እሺ ስትለኝ አምኜ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ክላውድ ላይ ያለ ሰውም አይኩራ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ ኦቪኤች የተባለው ክላውድ አከራይ ዳታ ሴንተር በእሳት ወደመ። ባክአፕ አለን ያሉ ደንበኞች መረጃቸውን አጡ፤ የአንዳንዶቹ ቅጂ የነበረው እዚያው ግቢ ነበርና። እንዴት ነው፣ ከክሊኒኳ ምን ይለያል?

ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። የሙያው ሕግ ይሄ ነው። ሌላ ቦታ የሚለውን በኢንተርኔት ለማድረግ ግን ጊዜውን አስሉ። 50 ጊጋባይት በ2 ሜጋ ቢት መስመር ለመላክ ከሁለት ቀን በላይ ይፈጃል፤ ያውም ካልተቋረጠ። የመጀመሪያውን በዲስክ አድርሱ፣ ከዚያ የተለወጠውን ብቻ በየሌሊቱ ላኩ። ከመላኩ በፊት ደግሞ በይለፍ ቃል ይቆለፍ። ቢያንስ በሦስት ወር አንዴ ቅጂውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ክፈቱት፤ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ የለም ብላችሁ ቁጠሩት።

ጋሼ ምን መረጡ?

ጋሼ ጋር ሦስት ቀን ተነጋገርን። መጨረሻ ላይ ደብረ ብርሃን መጋዘኑ ቢሮ ውስጥ ትንሿን ኮምፒውተር በባለ ሁለት ኤስኤስዲ አስገባን። ሸዋ ሮቢት ያለው ሱቅ በራሱ ኮምፒውተር ይሸጣል፤ ማታ መስመር ካለ የቀኑን ሽያጭ ይልካል፣ ከሌለ በነጋታው። የተቆለፈ ቅጂ በየሳምንቱ አገር ውስጥ ወዳለ ክላውድ ይወጣል። ድረ ገጹን ውጭ አስቀመጥነው፤ ቢጠፋም የሚሞት የለም።

አንዱን ሐሳብ ግን እሳቸው ናቸው ያመጡት። አይሱዙአቸው በሳምንት ሁለት ጊዜ እህል ይዞ ሸዋ ሮቢት ይመላለሳል። «ዲስኩን ለሾፌሩ ብንሰጠውስ?» አሉ። ስቄ ነበር። በኋላ አሰላሁት። 500 ጊጋባይት ዲስክ ጣርማ በርን አቋርጦ በሁለት ሰዓት ተኩል ሲደርስ በሰከንድ ከ400 ሜጋ ቢት በላይ ፍጥነት ነው። እንዲህ ያለ መስመር ወረዳው ውስጥ ማን አለው? ሾፌሩ አሁን ዲስኩን ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ነው የሚይዘው።

የቀረን ችግር የመጋዘኑ ድመት ናት። የኮምፒውተሩ ሙቀት ተስማምቷት ሌሊት ሌሊት አናቱ ላይ ተኝታ የአየር ማስወጫውን ትዘጋለች። ትባረር ስል ጋሼ እምቢ አሉ፤ እህል ባለበት አይጥ አይጠፋም፣ አይጥ ካለ ገመድ አይተርፍም። ሳጥኑን በዘመመ ጣውላ ከደንኩት። አሁን ዩፒኤሱ ላይ ነው የምትተኛው።